ኪቦርድ የሌለው ሽማግሌ

ቤት ገዝታችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ስትገቡ፣ የማታውቋቸው ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ውጡ ትላላችሁ። እነሱ ደግሞ «እኛ ከቤቱ ጋር ነው የመጣነው» ቢሏችሁስ? አዲስ ስልክ መግዛት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። የኔው ስልክ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ነዋሪ ነበረው። ኮከብ የሚቆጥር፣ ከረሜላ የሚያፈነዳ፣ አሰላ ድርሽ የማይል ዕቃ የሚሸጥ፣ ሐምሌ ላይ ካፖርት ለብሼ ቁጭ ባልኩበት «ዛሬ ፀሐይ ነው» የሚለኝ። ላጠፋቸው ስሞክር «ይህን ማጥፋት አይችሉም» ይለኛል፣ በገዛ ስልኬ።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ገመቹ መድኃኒቱ ሩት ማድረግ ነው አለኝ። ስልኩ ሥር ድረስ ይገባና ሥልጣኑ ሁሉ ለባለቤቱ ይሰጣል። «ግን ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ እምቢ አይልዎትም። የማያውቁትን እንዳይነኩ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ማንን? ዲክሲስና አሰላ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር የሸበትኩትን እኔን። ሩቱን አሠርቼ ቤቴ ገባሁና ጽዳት ጀመርኩ። ኮከብ ቆጣሪው ወጣ፣ ከረሜላው ወጣ። ደስ ሲለኝ ጊዜ ስሙ ያላማረኝን ሁሉ አስወጣሁ። ሹመት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጠላት ይባረራል፣ ቀጥሎ የማይታወቅ ሁሉ። ስልኬ እንደ ተጠረገ አውድማ ሆነ።

ከዚያ የቤተሰባችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ሊያገባ አስቦ ጢቾ ላይ ልጅ አይቷል፤ ማን ሽማግሌ ሆኖ ይላክ የሚለው እየተመከረበት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሽምግልና በጣም ፈልጌው ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ታሪኩን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አጎታችን ጋሽ ወልዴ ግን «እሱ ከሄደማ ሚስት ሳይሆን ጠብ ይዘን ነው የምንመለሰው» ብለው ጽፈዋል። እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። የተናገሩኝን ሳልመልስ እንደማላድር አገር ያውቃል።

መልስ ልጽፍ መጻፊያውን ብነካ ፊደል የለም። ደግሜ ብነካ የለም። ለካስ ካባረርኳቸው አንዱ ኪቦርዱ ኖሯል። ሌላ ኪቦርድ እንዳላወርድ ስሙን ጽፎ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ለመጻፍ ደግሞ ኪቦርድ። ገመቹ ኦጎልቾ ለቅሶ ሄዷል፤ ሌሎቹ ጠጋኞች ሩት የተደረገ ስልክ አንነካም አሉ። በድምፅ እንዳልመልስ ግሩፑ ውስጥ ድምፅ ክልክል ነው። የከለከልኩትም እኔው ነኝ፤ አክስታችን ጸሎታቸውን ከነአሜኑ እየላኩ ስላስቸገሩ፤ አሁን ብፈቅድ ጸሎቱ ተመልሶ ይጎርፋል። ልደውልስ? በጉባኤ የተነካ ሰው ለብቻ ቢመልስ ምን ይጠቅመዋል?

ብግን ብዬ የጋሽ ወልዴን ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩት። ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረው ብቅ አሉ። የተቆጣውን ፊት ልነካ ስል ጣቴ አዳለጠኝና፣ ለልመና የተገጣጠሙት ሁለት መዳፎች ተለጠፉ። ላነሳቸው ስል አክስታችን ከሥሩ «አሜን» ብለው ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ የማነብ እንጂ የማልመልስ ሰው ሆንኩ። ነገር ይወረወራል፣ እኔ ዝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ከጥበብ ሳይሆን ከሩት የመጣ ነው። ይህን ማን ያውቃል? ሳምንቱ ሳያልቅ ጋሽ ወልዴ ጻፉ፦ «ሲነኩት መዳፉን የሚያጋጥም ሰው ነው ለሽምግልና የሚሆነን። ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ጢቾ ላይ አንተው ትናገራለህ።» ሳነበው ዕንባዬ መጣ። አመሰግናለሁ እንኳ ማለት አልቻልኩም፤ እሱንም ትሕትና አሉት።

ጢቾ ሄድን። የልጅቷ አባት ገና ከመቀመጣችን «የአሰላ ሰው ሩጫ እንጂ ቁም ነገር መች ያውቃል» ብለው ነገር ጣል አደረጉ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቆንጆ መልስ ነበር፣ ዛሬም ይቆጨኛል። አፍም እኮ ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያጠፋ ገመቹ የለም። ጋሽ ወልዴ በጎን ያዩኛል። ታሪኩን አሰብኩና መዳፎቼን አጋጥሜ ጎንበስ አልኩ። ልጅቷን ሰጡን።

በማግስቱ ገመቹ ከለቅሶ ተመልሶ አገኘሁት። ስልኬን ገልበጥበጥ አድርጎ አየና ሳቁ መጣበት። «ጋሼ፣ ይሄማ ደቂቃም አይፈጅ፤ አሁኑኑ ኪቦርዱን ልጫንልዎት?» አለኝ።

ስልኬን ከእጁ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ሠርጉ ይለፍ፣ አልኩት።