ሥራ በሽማግሌ

ምክር የሚከፈልበት ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እዚህ ሰቆጣማ በነጻ ነው፤ ያውም ሳይጠይቁ። ባለፈው ጫማ ልገዛ ገበያ ወጥቼ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ አስቁመውኝ፣ ጫማውን ገልብጠው አይተው፣ ሶሉን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው፣ "ተይው ልጄ፣ ክረምቱን አይሻገርም" ብለውኝ ሄዱ። ነጋዴው እንኳ አልተቆጣም። እሱም እኮ ነገ በሰው ዕቃ ላይ ይመክራል! "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባል የለ? መከራም ቢሆን የሚመክረው በነጻ ነው።

እናም አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ አማካሪ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሳመለክት፣ ሰፈሩ ግራ ገባው። ምንድን ነው የምትሠሪው ይሉኛል። ድርጅቶችን እመክራለሁ እላለሁ። "ሳታገቢ? ሳትወልጂ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አገሩ ምክር የሚቀበለው ከሽበት ነው፤ እኔ ደግሞ አንድም ጸጉር አልነጣልኝ። ቢሆንም ሥራውን ፈለግሁት። እንዴት አድርጌ እንደፈለግሁት! ከአብሮ አደጎቼ ግማሾቹ ዐረብ አገር ገብተዋል። ይሄ ካልተሳካ እኔም እንደምከተላቸው፣ ባልነግራትም እናቴ ታውቃለች።

ቃለ መጠይቁ ደግሞ አንድ መሰላችሁ? መጀመሪያ በኮምፒውተር ፈተኑኝ። አለፍኩ። ከዚያ በስልክ፣ "የአንድ ማር አምራች ድርጅት ትርፍ ቀንሷል፤ ባለቤቱን ምን ብለሽ ትመክሪዋለሽ?" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ "ባለቤቱ ስንት ዓመታቸው ነው?" የሚል ነበር። በዕድሜ ከበለጡኝ በምን አፌ እመክራቸዋለሁ? ዋጥ አደረግሁትና ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ለፈለፍኩ። እሱንም አለፍኩ። የቀረኝ ከአለቆቹ ጋር በቪዲዮ የሚደረገው የመጨረሻው ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ዳዊታቸውን ዘጉና "ማን ይጠይቅልሻል?" አሉኝ።

ራሴ ነኝ አልኳቸው።

"ራስሽ ለራስሽ? 'እኔ ጎበዝ ነኝ' ልትዪ?"

"እንደዚያ ነው የሚባለው፣ አባ።"

አባቴ ፊታቸውን በእጃቸው አሻሹ። እኛ ቤት ራስን ማመስገን ጾም ከመግደፍ እኩል ነው። ልጅን ጎረቤት ያመሰግነዋል፤ ሙሽራን ሽማግሌ ያመሰግነዋል። ራሱን የሚያመሰግን ጠላ የበዛበት ሰው ብቻ ነው።

በቀጠሮው ቀን ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ስገባ፣ አባቴ ጥምጥማቸውን አሥረው ከጎረቤታችን ከአያ ሞላ ጋር ተቀምጠዋል። አያ ሞላ ማለት ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ ስንቱን ያጋቡ፣ ስንቱን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ለመስማት ብቻ ነው የመጣነው አሉኝ። ድምፅ እንዳያሰሙ ለምኜ ከላፕቶፑ ማዶ፣ ካሜራው የማያያቸው ቦታ ላይ ተውኳቸው።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንዱ ከረባት ያሰረ አለቃ፣ አጠገቡ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ "እስቲ ጠንካራ ጎኖችሽን ንገሪን" አለኝ።

ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ እኮ! ግን አባቴ ዐይን ዐይኔን እያዩኝ ጎበዝ ነኝ ልበል? "እሱን... ሰው ቢናገረው ይሻላል" አልኩ።

"ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ እኮ" አለኝ።

አያ ሞላ ይሄኔ አላስቻላቸውም። "ኧረ እኛም አለን!" ብለው ተነሱ። ዞረው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ አባቴም ተከተሏቸው። ሰውዬው ስክሪኑ ውስጥ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ኧረ አባቶቼ ተቀመጡ!" ይላል። "እሺ ሳንባል አንቀመጥም" ይላሉ አያ ሞላ። እነሱ ካልተቀመጡ እሱም አይቀመጥ ነገር! ከዚያ በኋላ ለእኛ የሚታየን ከረባቱ ብቻ ነበር።

አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለከረባቱ ተናገሩ። "እናንተ ሥራ አላችሁ፤ እኛ ልጅ አለችን። ልጃችንን ለሥራችሁ ብለን መጥተናል።" ከዚያ ቀጠሉ። ታማኝ ናት፤ የያዘችውን ሳትጨርስ አትለቅም፤ ትምህርቷን በኩራዝ ነው የተማረችው። እንዲህ እንደሚያስቡልኝ አላውቅም ነበር፤ ዐይኔ እንባ አቀረረ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?

ግን እኛ ዘንድ ነውር የደበቀ ሽማግሌ፣ ነገ ነገሩ ሲበላሽ ተወቃሹ እሱ ነው። ስለዚህ አያ ሞላ "ጉድለቷንም ደብቀን አንሰጣችሁም" አሉ። ጠዋት በጊዜ አትነሣም። ስትቆጣ ቃል አትመርጥም። የሰፈር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢውን ተሳስተሃል ብላዋለች፤ ያውም በሕዝብ ፊት! የገዛ አባቴ ደግሞ "ሽሮዋም ይጓጉላል" ብለው ጨመሩበት። ለአማካሪ ድርጅት የእኔ ሽሮ ምኑ ነው? ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ዐረብ አገር ከላፕቶፑ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ሰውዬው ግን አልሳቀም። የቱንም ያህል ከረባት ቢያስር የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚኮን አልጠፋውም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና "እንመካከርበትና እንነግራችኋለን" አለ። አያ ሞላ ደስ ብሏቸው ስክሪኑን መመረቅ ጀመሩ። ምርቃቱ መሃል ላይ ኔትወርክ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ተቀብለውኛል! ድክመቱን እንዲህ ዘርዝሮ ያቀረበልን ሰው ገጥሞን አያውቅም አለችኝ ሴትዮዋ። እየጮህኩ ሳሎን ገባሁ። እናቴ እልል አለች። አባቴ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ዛሬውኑ እሺ አሉ?"

"ዛሬውኑ!"

"በአንድ ምልልስ እሺ የሚል ቤት ነገር አለው። የእነሱን ጉድለት ማን ነገረን? ደውይና ጠይቂ።"

ምን ላድርግ፣ ደወልኩ። አባቴ የድርጅታችሁ ጉድለት ምንድን ነው ይላሉ አልኳት። "ጉድለታችን እንኳ... ሥራ ከመጠን በላይ መውደዳችን ነው" አለችኝ።

ለአባቴ ነገርኳቸው። "አላልኩም?" አሉ። "'የልጃችን ነውሩ ደግነቱ ነው' የሚል ሽማግሌ ከመጣ እኮ ልጁ ሰካራም ነው!" ከአያ ሞላ ጋር በአገውኛ ተንሾካሾኩ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ተነሥተው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "ለትዳር ቢሆን አልሰጣቸውም ነበር" አሉ። "ሥራ ነው፤ ሂጂ። ካልሆነልሽ ትፈቻቸዋለሽ።"

ስንቱን ባልና ሚስት "ፍቺ የሚባል ቃል እንዳልሰማ" ብለው የመለሱ ቄስ፣ እኔን ገና ሳልገባ ፍቺዬን ባርከው ሸኙኝ።