ዶክተር በር አይዘጋና የማሰሮው ጥናት

በየመሥሪያ ቤቱ ያወቀውን ነገር ለብቻው ማወቅ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው የተማረውን ጓዳ ቆልፎበት ሲኖር፣ እሱ ደጅ አውጥቶ ያሰጣዋል። ለፋርማሲ ትምህርት ክፍሉ የደረሱት ክብርት ዶክተር በር አይዘጋ ናቸው።

ስሙን ያወጣላቸው የቢሯቸው በር ነው፤ በጡብ ተደግፎ ክፍት ይውላል። አንድ ጊዜ የውሃ ማፍያቸው ተሰረቀ። ጥበቃው፣ "አሁንስ ይዝጉት እንጂ ዶክተር" ቢላቸው፣ "ማፍያው ሄዷል፤ ከእንግዲህ ምን ሊወስድ ይመጣል?" አሉት። ፈተና ሲደርስ ሁለት መቶ ጥያቄ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። "የሚመጣው ከዚህ ውስጥ ነው። ሁሉንም ከሠሩት ተማሩ ማለት አይደል?"

የምርምር ቁጥሮቻቸውንም ገና ሳያሳትሙ ኢንተርኔት ላይ ይለቃሉ። አንዴ ባሕር ማዶ ያለ ተመራማሪ በእሳቸው ቁጥር ሠርቶ ቀደማቸው። ባልደረቦቻቸው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተሰብስበው ሊያጽናኗቸው ቢገቡ፣ የሰውየውን ጽሑፍ አባዝተው ሲያድሉ አገኟቸው። "እኔ ያልታየኝን አይቶታል፤ እንኩ አንብቡት" አሉ።

በትምህርት ክፍሉ ያለ አንድ ወጣት መምህር በዚህ ሁሉ ከሩቅ ይስቅ ነበር፤ አብሯቸው እስኪሠራ ድረስ። ጥናታቸው ማቀዝቀዣ የሌለው የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ውሃ በጠገበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማቆየት ይችል እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ማሰሮዎቹን ሲያርስና ሙቀታቸውን ሲመዘግብ የከረመው መምህሩ ነው። ይቻላል የሚል ውጤት ወጣ፤ አንድ ዝነኛ ጆርናልም ተቀበለው። የመምህሩ እግር መሬት አልነካ አለ። የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረጉ ሲንከባለል ከርሟል፣ የማዕረግ ኮሚቴው ደግሞ ፊቱን የሚፈታው የጆርናሉን ስም አይቶ ነው።

ዶክተር መነጽራቸውን አወረዱ። "የሚነበበው በክፍያ ነው?"

"አዎ ዶክተር። ግን ስሙን ይዩት።"

"ለማን ይደርሳል?" የታወቀችው ጥያቄያቸው መጣች።

"ለተመራማሪዎች።"

"ማቀዝቀዣ ላላቸው ማለትህ ነው። ማሰሮ ያለው ሰው ጆርናል አይገዛም ልጄ።" እሳቸው ያሰቡት ማንም በነፃ የሚያነበውን፣ ከጸሐፊም ክፍያ የማይጠይቀውን ሌላ ጆርናል ነው። ግምገማው ቀልድ አያውቅም፤ ስሙን ግን ኮሚቴው ሰምቶት አያውቅም።

"የእኔስ እድገት?" አለ መምህሩ።

ይቆጡኛል ብሎ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ማሰሮዎቹን ያራስካቸው አንተ ነህ። የዝነኛውን ጆርናል ውል ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ" አሉት። ይህ ከቁጣው የባሰ ነበር።

ቢሆንም ሊያስፈርማቸው ወሰነ። ዝነኛው ጆርናል ከቀድሞ ጽሑፉ አንድ ቁጥር እንዲያረጋግጥ ስለጠየቀው ፍለጋ ገባ። ያንን ጽሑፍ ያሳተመው እዚያው ጆርናል ላይ ነው፤ ቅጂው የነበረበት ላፕቶፕ ሞቷል። ገጹን ከፈተ። ርዕሱ አለ፣ ስሙም አለ። ከስሙ ሥር ቁልፍ ተሥሎ፣ "ለማንበብ ይክፈሉ" ይላል። ዩኒቨርሲቲው ደንበኝነቱን ካቋረጠ ቆይቷል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእሱ ኖሯል። የገዛ ልጁ ቤት በር ላይ "ማን ልበል?" እንደተባለ አባት ቆመ። ተናደደ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ። ማሰሮ አጠገቧ አስቀምጣ ስልኳ ላይ ይህንኑ ቁልፍ የምታይ ሴት ታየችው።

በማግስቱ፣ "ወደ ክፍቱ ይላኩት" አላቸው።

"እድገትህስ?"

"ይቆያል።"

አላመሰገኑትም። "እንግዲያው ሁለተኛውን ሠንጠረዥ አስተካክልና አምጣ" ብቻ አሉት።

ጽሑፉ መላኩን የሚያረጋግጠው መልእክት ሲደርሰው ዓይኑ የጸሐፊዎቹ ስም ላይ ቀረ። ሁለተኛ የነበረው የእሱ ስም አንደኛ ሆኗል። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ስም ሙሽራ ነው፣ የቀረው አጃቢ፤ ለማዕረግም ከሁሉ በላይ የሚመዝነው እሱ ነው። እየሮጠ ሄደ።

"ዶክተር፣ ስማችን ተገለባብጧል። ተሳስተዋል መሰለኝ።"

"አልተሳሳትኩም። እኔ የምወጣበት መሰላል አልቋል። ደግሞም አንባቢ ጥያቄ የሚልከው ለመጀመሪያው ሰው ነው። ደክሞኛል፣ አንተ መልስ።"

ደክሞኛል ያሉት ውሸታቸውን ነው። መምህሩ ሲስቅባቸው የኖረባቸው ሴት ተራራ አክለው ታዩት፤ እንዲህ ያለ ሰው መፈጠሩ ራሱ ገረመው። በሩን የደገፈውን ጡብ በእግሩ አስተካክሎ ወጣ።

ጽሑፉ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ፣ የማዕረግ ኮሚቴው ሊያነጋግረው በቀጠረው ቀን፣ ከማያውቃት ነርስ መልእክት ደረሰው። "ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ መብራት የለም። ጽሑፍዎን ስልኬ ላይ አነበብኩት። አንዲት ታካሚዬ ያላት ማሰሮ አፉ ሰፊ ነው። ይሆናል ወይስ ሌላ እንፈልግላት?"

የኮሚቴው ጸሐፊ ብቅ ብላ፣ "ሁሉም ገብተዋል፣ አንተን ነው የሚጠብቁት" አለችው።

"ትንሽ ይጠብቁ፣ ሰው ቀድሟቸዋል" አላትና መልሱን ጀመረ፦ "ይሆናል እህቴ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ኢንሱሊኑን ግን ውሃ እንዳይነካው..."