ጋሽ ዘውዱና የወደቁት ድንጋዮች

አገር ቤት የፈረሰ ቤት ስናይ «ባለቤት የለውም እንዴ?» ብለን እናልፋለን። እዚህ ስቶክሆልም ግን፣ እናንተዬ፣ ለወደቀ ግድግዳ ሰሌዳ ይተከልለታል፣ መንገድ ይጠረግለታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ልጆቹን ይዞ ሄዶ ያየዋል። ቆሞ ሳለ ማን ዞር ብሎ እንዳየው እንጃ።

ባለፈው መስከረም ከጎረቤቴ ከጋሽ ዘውዱ ጋር ከሰፈራችን ከሮግስቬድ ተነስተን ወደ ሁዲንጌ ጫካ በእግር ወጣን። ጋሽ ዘውዱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወሬያቸው አንድ ነው፦ ጨርጨር ያለው የተወለዱበት ቤት። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለእርሻው የሠራው፣ ጥሎት ሲሄድ አባታቸው የገቡበት የድንጋይ ቤት። ታናሽ እህታቸው አስካለ «አርጅቷል፣ ላፍርሰውና ደህና ቤት ልሥራበት» እያለች ትለምናቸዋለች። እሳቸው ወይ ፍንክች! «የጠላት ቤት ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ዳዴ ያልኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው» ይላሉ።

ጫካው ውስጥ አንድ የፈረሰ የገበሬ ቤት አገኘን። ጋሽ ዘውዱ ትንሽ ቆመው አዩና ጃኬታቸውን አውልቀው አሸከሙኝ። ከዚያ የወደቁትን ድንጋዮች እያነሱ ግድግዳው ላይ ይደረድሩ ጀመር። «ጋሼ፣ ኧረ ይተዉ!» ብል ማን ሰምቶኝ! ግድግዳው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ቦታውን የምትጠብቅ ሴት መጣች። ስዊድኖች ሲቆጡ እንደሚያደርጉት ፈገግ ብላ፣ «እባክዎ አይንኩት። ቅርስነቱ እንደወደቀ ሲቀመጥ ነው» አለቻቸው።

ጋሽ ዘውዱ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ለአስካለ ደወሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረጉት ሁሉም ይሰማኛል።

«አስኩ፣ ቤታችንን እንዳትነኪው። ቅርስ ነው።»

አስካለ እውነቱን አወጣችው፦ «ጋሼ፣ እንዳታዝን ብዬ ነው እንጂ፣ ቤቱ እኮ አምና ክረምት ወድቋል። በፈቃድህ አፈረስኩት ብልህ ይሻልሃል ብዬ ነው ስለምንህ የከረምኩት።»

«ድንጋዮቹስ?»

«በወደቁበት ናቸው። ሳትፈቅድልኝ እንዴት እነካለሁ? ማድቤት ነው የማድረው።»

ጋሽ ዘውዱ አለቀሱ። እኔም አብሬ።

«አንቺ ማድቤት እያደርሽ! በይ በነዚያው ድንጋዮች ሥሪ፤ በረንዳ ግን ይኑረው» አሉ።

ልንሄድ ስንል ሴትዮዋ የተደረደሩትን ድንጋዮች እያነሳች ወደወደቁበት ልትመልስ ትታገላለች፤ የቱ የት እንደነበረ ግራ ገብቷታል። ጋሽ ዘውዱ ጃኬታቸውን መልሰው አሸከሙኝ።

«ያነሳኋቸው እኔ አይደለሁ? ቦታቸውን አውቀዋለሁ» ብለው ሊያግዟት ተመለሱ።