መነጽር በኢንተርኔት

ዓይን ሲደክም መጀመሪያ የሚወቀሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አምፖሉ! እኔ እንኳ ጥፋቱ የዓይኔ መሆኑን ያመንኩት የቤቴን አምፖሎች በሙሉ ቀይሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ፈተና ሳርም «ለ»ን «ሐ» እያልኩ ስንቱን ጎበዝ ጣልኩት! አንዲት ተማሪዬ ወረቀቷን ይዛ እያለቀሰች ስትመጣ ግን አንጀቴን በላችው። በነጋታው ሐኪም ዘንድ ሄጄ የመነጽር ወረቀት ተጻፈልኝ።

ፒያሳ አካባቢ መነጽር ቤት ያላቸው አቶ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጥድፊያ አያውቁም። ወረቀቴን ይዤ እሳቸው ዘንድ ልሄድ ስል ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ፅጌ ደወለች። «ጋሼ፣ ምን አደከመህ? በኢንተርኔት አዝዤ እልክልሃለሁ» አለችኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል? ከአቶ ከድር ሱቅ ደጃፍ ቆሜ፣ መነጽሬ በኢንተርኔት ሊመጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። ምን ነበር ያስኮራኝ?

«ጥሩ ነው መምህር» አሉኝ። «ግን ኢንተርኔቱ ፊትዎን አይቶታል?»

ፅጌ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ካስላከችኝ በኋላ፣ በሁለቱ ብሌኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ላይ የለም። ባለቤቴ ማርታ የልብስ ሜትር አመጣች። እሷ ስትለካ እኔ እስቃለሁ፣ እኔ ስስቅ ሜትሩ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ሁለታችንም ሰለቸንና የመጣልንን ቁጥር ላክን።

መነጽሩ በመንገደኛ እጅ መጣ። ፍሬሙ ሲያምር! መምህራኑ ሁሉ ተቀባበሉት። እኔ ግን አድርጌው ስወጣ መሬቱ ሸሸኝ። ሐይቅ ዳር አስፋልቱን ስሻገር እግሬን እንደ ፈረስ እያነሳሁ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ምን እየዘለሉ ነው?» አለኝ። ራሴን ለሁለት ሳምንት አመመኝ። ለእህቴ እንዳልነግራት፣ ከደመወዟ ቀንሳ ነው የላከችልኝ። አቶ ከድር ዘንድ እንዳልሄድ ደግሞ አፌ ቀድሞኛል።

ማርታ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ። አቶ ከድር አልሳቁብኝም። መስኮቱ አጠገብ አቁመው፣ «አፍንጫዬን ይመልከቱ» አሉና በትንሽ ማስመሪያ ለኩኝ። ከዚያ መነጽሩን አገላብጠው፣ «መስታወቱ ጥሩ ነው፤ ለሌላ ሰው» አሉ። በዚያው ፍሬም ላይ አዲስ መስታወት ገጠሙልኝ። ያን ዕለት ማታ ፈተና አረምኩ። «ለ» «ለ» ሆነች። የዚያችን ልጅ ወረቀትም እንደገና አየሁት፤ ልጅቱ እውነቷን ነበር።

ዘንድሮ ፅጌ ለዕረፍት መጣች። መነጽሬን ባየች ቁጥር ፊቷ ይበራል። እኔስ ምን ብዬ ላጥፋባት? አንድ ቀን በፒያሳ ስናልፍ የአቶ ከድርን ሱቅ አይታ ክንዴን ይዛኝ ገባች። መነጽሩን ከፊቴ ላይ አውልቃ ለእሳቸው እየሰጠች፣ «አባባ፣ ይህን ይዩልኝማ። በኢንተርኔት ነው ያመጣሁለት። እንዲህ ያለ መስታወት እዚህ አገር ይሠራል?» አለቻቸው።

አቶ ከድር የገዛ እጃቸውን ሥራ ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት። እኔን ግን ቀና ብለውም አላዩኝ።

«አይ ልጄ!» አሉ። «ግሩም ሥራ ነው። የሠራውን ሰው እጁን ይባርከው!»

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።