የተላከው ባልየው ነበር

የሚስዮን ድርጅቶች ሁሉ፣ ከየትም አገር ይነሱ፣ አንድ የጋራ ስህተት አላቸው፤ የላኩት ባልየውን ይመስላቸዋል። ጸሎት የሚደረግለት እሱ ነው፣ እጅ የሚጫንበት እሱ ነው፣ ፎቶው በቤተ ክርስቲያናቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የእሱ ነው። ሚስትየዋ «ከነቤተሰቡ» በምትለው ቃል ውስጥ ተጠቅልላ ትሄዳለች። መኪናው መንደር ሲደርስ ግን ባልየው ወርዶ መነጽሩን እስኪጠርግ፣ እሷ ውኃው የት እንደሚቀዳ፣ የማን ልጅ እንደሚያስለው፣ የትኛዋ ሴት ከማን ጋር እንደተኳረፈች አጣርታ ጨርሳለች። እንዲህ ያለችውን ሴት አላየሁም የሚል ካለ ሚስዮን ገና ያልደረሰበት አገር የሚኖር ሰው ነው።

የእኛዋ ኤኖ ትባላለች። እኛ ማላዊዎች ግን የፓስተር ሚስት በስሟ አትጠራም እንላለን፤ «አማይ ቡሳ» ነው የምንላት፤ «እናት ፓስተር» እንደማለት። ከናይጄሪያ የመጣችው ከባሏ ከፓስተር ኡደሜ፣ ከልጇ ከኢዳራ፣ ከትንሹ ከኡቦንግና ሁለት ሰው ካልያዘው ከማይነሳ የእንጨት ሙቀጫ ጋር ነው። ፓስተር ኡደሜ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስብከቱን በ«ይቅርታ» የሚጀምር ሰው ነው። እሱ ያልተናገረውን ሁሉ ሚስቱ ትናገርለታለች። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ዓሣውን እንዳናስደነግጥ ይመስል ዝቅ ብለን ነው የምናወራው። አማይ ቡሳ «እንደምን አደራችሁ!» ስትል ግን መሀል ሐይቅ ላይ ያሉት አጥማጆች «ደህና» ይላሉ።

የመጣች ዕለት ሰተት ብላ ሄዳ የመንደራችንን አለቃ፣ አቶ ምካንዳን፣ እጃቸውን ይዛ እንደ ውኃ ፓምፕ ነቀነቀቻቸው። በእኛ ዘንድ ሴት ትልቅ ሰው ስትሰላም ትንበረከካለች። አለቃው እጃቸውን መልሰው ሲያገኙት ጣቶቹ መሟላታቸውን የሚያረጋግጡ ይመስል ትክ ብለው አዩት። አጠገቤ የቆሙት አሮጊቷ ጎጎ ፋሌሲ (ጎጎ አያት ማለት ነው)፣ «ምስኪን፣ ጉልበቷን ታማለች» አሉ።

ወጉን አንዲት ሴት በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! ለአለቃው ተንበረከከች፣ ቲማቲም ለምትሸጠው ልጅ ተንበረከከች፣ በብስክሌት ለሚያመላልሳት ጎረምሳ መንገድ መሀል ተንበረከከች። አንድ ቀን ተቻኩላ ለአለቃው ፍየል ሳይቀር ተንበርክካለች የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም፤ አላስተባብልም ግን።

ቋንቋችንንም እንዲሁ በጥድፊያ ገባችበት። ለሴቶች ጉባኤ ያለ አስተርጓሚ መስበክ የጀመረችው አፏ ገና ሳይፈታ ነው። ታዲያ በቋንቋችን «ኃጢአት» እና «በቆሎ» የሚሉት ቃላት ላልለመደ ምላስ ትንሽ ይቀራረባሉ። ክብርት አማይ ቡሳ መድረክ ላይ ወጥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ «በቆሏችሁን ጣሉ! በጓዳ የደበቃችሁትን በቆሎ ሁሉ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ጣሉ!» ብላ አንባረቀች። ወሩ ደግሞ የረሃብ ወር ነበር። ሴቶቹ ጨዋ ስለሆኑ «አሜን» አሉ። አለቃ ምካንዳ ወሬውን ሲሰሙ ብድግ ብለው ጎተራቸውን ሊያዩ ሄዱ። ጎጎ ፋሌሲ ደግሞ፣ «ኢየሱስ የእኔን በቆሎ ከፈለገ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ» ብለው ለሦስት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ።

በመጨረሻ ያረመቻት ልጇ ኢዳራ ናት። ኢዳራ በመጣች በዓመቷ እዚሁ ሐይቅ ዳር የተወለደች ነው የምትመስለው፤ በቋንቋችን ትሳደባለች፣ በቋንቋችን ትስቃለች። «እማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ፈረንጅ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት። አማይ ቡሳ ልጇን በማማሰያ እያባረረች ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረች። በማግስቱ ግን ለሴቶቹ በቆሏቸውን መልሰው እንዲወስዱ ነግራ፣ ከሁሉም ቀድማ ራሷ ሳቀች።

ደግሞ የሾርባው ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ጋብዛ የሐይቃችንን ዓሣ በአገሯ በርበሬ ሠርታ አቀረበችላቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ ማንኪያ እንደቀመሱ ዕንባቸው ወረደ። አንዱ አንገታቸውን ደፉ፣ አንዱ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ፣ አንዱ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አማይ ቡሳ ይህን አይታ፣ «መንፈስ ቅዱስ መጣ!» ብላ መዝሙር ጀመረች።

እንዲህ ሳወራላችሁ መሳቂያ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ዚዮኔ የምትባል የጎረቤቴ ሚስት ምጥ ሲጠናባት ዝናቡ ድልድዩን ይዞት ሄዶ ነበር። ወንዶቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ምን ይሻላል እየተባባልን ነው። አማይ ቡሳ ስትሮጥ መጣች። «ጌታ ቁጭ በሉ አላለም!» ትላለች፤ አመሏ ነው፣ ለሁሉ ነገር እንዲሁ ነው የምትለው። የቤተ ክርስቲያኑን በር ከማጠፊያው ነቅላ፣ ዚዮኔን በሩ ላይ አስተኝታ፣ አራት ወንድ አሸክማ፣ ራሷ ከፊት እየመራች ወንዙን በደረት ውኃ አሻገረቻት። ልጁ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተወለደ። በሩ ግን ረጥቦ ስለተጣመመ አልገጥም አለ። ከዚያ ወዲያ ፓስተር ኡደሜ ሲሰብክ ፍየሎች እየገቡ ይሰሙት ጀመር። እሱም «ይቅርታ» ይላቸዋል።

ጎጎ ፋሌሲ ይህንንም አልወደዱም። «ሴትዮዋ ጥሩ ናት፤ ግን ሰው እንዲያግዛት አትፈቅድም። እኛ ምንድን ነን? ዕቃዋ ነን?» ይሉ ነበር። እኔ ያኔ ቅናት መስሎኝ ነበር።

አማይ ቡሳ ቅዳሜ ቅዳሜ የባኦባቡ ዛፍ ያለበት ኮረብታ ላይ ትወጣለች፤ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። የምትደውለው ለእናቷ ነው። እናቷ መቼ እንደምትመጣ ይጠይቋታል፣ እሷም «ለገና» ትላለች። የትኛው ገና እንደሆነ አትናገርም።

ባለፈው የዝናብ መግቢያ እናቷ አረፉ። ወንድሟ የቀብሩን ቀን ነገራት፣ ዘመዶቿም የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጡላት። በእነሱ አገር ቀብር ቶሎ አይደለም፤ ትደርሳለች። ስለዚህ ባሏን፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። አገሬ ሄጄ አልቅሼ እመለሳለሁ» አለችው። ሻንጣዋን አዘጋጀች።

ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት ትንሹ ኡቦንግ በወባ ወደቀ። ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ይዛው ወደ ወረዳው ሆስፒታል ሮጠች። አውሮፕላኑ እሷ የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ሄደ። ባሏ፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ቢላት፣ «እናቴ ብትኖር ይህን ልጅ ጥለሽ ነይ ትለኝ ነበር?» አለችው።

ልጁ ዳነ። አርብ ዕለት በጀርባዋ አዝላው መጣችና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ወለል መጥረግ ጀመረች። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ ድምፅዋም ያው ነው። ያልቻለችው ኢዳራ ናት። ጎጎ ፋሌሲ ቤት በቆሎ ልትወቅጥ ሄዳ ሙቀጫው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ሁሉንም ተናገረች።

እኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም። ሞት የሚደብቅ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ጠላት። ጎጎ ፋሌሲ ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የመንደሩን ሴቶች አስከትለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የሚስዮን ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ አማይ ቡሳም መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች።

«ሰው ሞቶብሽ ደብቀሽናል» አሉ።

አማይ ቡሳ መጥረጊያዋን ጥላ ተንበረከከች። «ይቅር ይበሉኝ ጎጎ። ሰው ሥራ ላይ ነው ብዬ ነው። ደግሞ እናቴ ያረፈችው እዚህ አይደለም። ሬሳው ናይጄሪያ ነው።»

«ሬሳው የት እንዳለ ማን ጠየቀሽ? ልጇ የት ናት?»

«እዚህ።»

«እንግዲያው ለቅሶው እዚህ ነው። ወንበሩን አውጡ!»

ሴቶቹ ገቡ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ሁሉ ወጣ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። አንዷ ዱቄት ይዛ መጣች፣ አንዷ እንጨት፣ አንዷ የደረቀ ዓሣ። አማይ ቡሳ በልማዷ ተነስታ ወደ ማድቤት አመራች።

«ወዴት ነው?» አሉ ጎጎ ፋሌሲ።

«ለዚህ ሁሉ ሰው ሻይ ልጣድ እንጂ ጎጎ።»

«ቁጭ በይ።»

«ጌታ እኮ ቁጭ በሉ...»

«እኔ ብያለሁ። ቁጭ በይ!»

ተቀመጠች። መንደራችን ከመጣች ጀምሮ ሰው ቁጭ በይ ብሏት ስትቀመጥ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ጎጎ ፋሌሲ አጠገቧ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ፤ ራሷን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስደገፉት። ሴቶቹ ያቺ ድምፅ ለቅሶ ስትጀምር ጣሪያው ይነሳል ብለው ፈርተው ነበር። እሷ ግን ፊቷን በጎጎ ፋሌሲ ጨርቅ ውስጥ ቀብራ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ፓስተር ኡደሜ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጦ ዕንባውን በመነጽሩ ሥር ይጠርግ ነበር።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉ ጎጎ ፋሌሲ።

«አሪት።»

«አሪት» አሉ ሴቶቹ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው፤ እንደሚያውቋቸው ሰው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወደ ባኦባቡ ኮረብታ ወጣን። መንደሩ በሙሉ። ቆፋሪዎቹ መቆፈሪያቸውን ተሸክመው ከኋላ መጡ። ቀብር ሲባል ጉድጓድ የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው፤ ሥርዓቱ ነው። አለቃ ምካንዳ ዞር ብለው፣ «እናንተ ደግሞ ምን ልትቆፍሩ ነው?» አሏቸው።

«እኛም አናውቅም፣ አለቃ። ቀብር ነው ሲባል ይዘን ወጣን።»

አለቃው ትንሽ አሰቡና፣ «ጥሩ አድርጋችኋል» አሉ።

ስልኩ ተደወለ። ወንድሟ ከመቃብሩ አጠገብ ሆኖ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ የሰው ጩኸት፣ የጥሩምባ ድምፅ፣ የቄስ ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል። አማይ ቡሳ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተንበረከከች። አፈር ሲወድቅ ተሰማ። ያን ጊዜ ሴቶቻችን ዝቅ ባለ ድምፅ የቀብር መዝሙራችንን ጀመሩ፤ ወንዶቹ ከሥር ተቀበሉ።

ወዲያ ማዶ ጩኸቱ ጋብ አለ። «ኤኖ፣ ይህ ዜማ ምንድን ነው? ሬዲዮ ከፍተሻል?» አለ ወንድሟ።

«ሬዲዮ አይደለም። የእማዬ ለቀስተኞች ናቸው።»

አለቃ ምካንዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ስልኩን ተቀበሏት። ኢዳራ አጠገባቸው ቆማ ታስተረጉማለች። «ልጄ፣ እኔ የዚህ መንደር አለቃ ነኝ። እናታችንን በደንብ ቅበሩልን። መንገዱ ቢቀርብ እኛ እንቆፍርላቸው ነበር፤ ይኸው ልጆቼ መቆፈሪያ ይዘው ቆመዋል። እህትህ ብቻዋን አላለቀሰችም። ይህን ለዘመድ ሁሉ ንገር።»

ከወዲያ በኩል አንድ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማን።

ከኮረብታው ስንወርድ ቆፋሪዎቹ ነገሩ አላለቀላቸውም ነበር። መቆፈሪያ ይዘው ቀብር ወጥተው ሳይቆፍሩ ቤት መግባት ነውር ነው። ከሚስዮን ቤቱ ጀርባ ያለው የአማይ ቡሳ ማሳ ደግሞ፣ እሷ ሆስፒታል ስለከረመች፣ ዝናብ ጠጥቶ ሳይታረስ ተኝቷል። ማንም ሳያዘን ገባንበት። ያን ከሰዓትና በማግስቱ ተቆፈረ፣ ትልም ወጣ፣ በቆሎ ተዘራ። ሴቶቹ ውስጥ ሆነው ከአማይ ቡሳ አጠገብ አልተነሱም፤ ምንጣፉ ላይ አብረዋት አደሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማይ ቡሳ ፊቷን ታጥባ በጓሮ በር ወጣች። ማሳውን አየች። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። እኛ ማንጎው ሥር ተደርድረን የምትለውን እንጠብቃለን።

«ማነው ይህን የቆፈረው?» አለች፤ ሐይቁ ላይ ያሉት አጥማጆች ዞር አሉ። «ይህ ትልም ነው ወይስ እባብ? ጠማማ ነው! ዞር ዞር ብሎ የሚበቅል በቆሎ የት አይታችኋል?»

ቆፋሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጎጎ ፋሌሲ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ሸጎጡና፣ «ተሽሏታል፤ በሉ ወደየቤታችን» አሉ።

ትልሙ ግን ጠማማ አልነበረም። በማንጎው በኩል ያለውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ።