ሁሉን የሚነካው መርማሪ

አንባቢ ሆይ፣ በስልኩ የወንጀል ምርመራ ጨዋታ የሚጫወት ጎልማሳ ገጥሞዎት ያውቃል? ሕጉ ቀላል ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ በጣት ይነካሉ፣ ከአንዱ ሥር ፍንጭ ይወጣል። ለልጆች የተሠራ ነገር ነው ብዬ ስስቅበት ነበር።

እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ሰድ ሰፈር፣ በአንድ ክፍል አብሮን የሚኖረው የጥበቃ ሠራተኛ ጀማል ግን በዚህ ጥበብ የተካነ ነው። ባለፈው ዓርብ የክፍል ጓደኛችን የሾፌሩ የሰዒድ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ፣ ጠፋ። አሠሪው ማዳም መዲናት ኸሊፋ ከሚባለው ሰፈር ሆና ትጠብቀዋለች፤ ያለ ኢቃማ ደግሞ መኪና አይነዳም።

"ማንም እንዳይወጣ!" አለ ጀማል። ትራሱን ነካ፣ ድስቱን ነካ፣ የሰዒድን ኪስ ሦስት ጊዜ ነካ።

"ያላ ፍጠን ወንድሜ፣ ማዳም ልታባርረኝ ነው!" አለ ሰዒድ።

ጀማል ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎስ ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?"

"የተማረ ሰው ይጠረጠራል?" ብዬ ተቆጣሁ።

እሱ ግን ጭኔ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ነካ፤ ኢቃማው ከመካከሉ ወደቀ። ለካ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ካርድ፣ የማን እንደሆነ ሳላይ፣ ማስመሪያ አድርጌው ኖሯል! ምን ላድርግ፣ ከቁምነገር ሥር ጠማማ መስመር አልወድም።

"ኸላስ፣ አለቀ፣ ወንጀለኛው ተያዘ!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሰዒድም እየሳቀ ሮጠ። ጀማል በቅጣት መልክ ጨዋታውን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። አሁን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ የምጠረጥረውም እንደ እኔው መነጽር ያደረገውን ሽማግሌ ነው።