የኖራ ውሃው ወተት መሰለ

[የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ። ጠረጴዛው ላይ የእብነ በረድ ስባሪና አሲድ ያለበት ጠርሙስ አለ። የጠርሙሱን ቡሽ በስቶ የወጣው የጎማ ቱቦ ጫፉ የኖራ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። ሊቋ የክፍሉ አንደኛ ናት፤ ደጋሚ ክፍሉን ስትማር ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ደወል ሳይደወል ቲቸር መጥቶ ሥራቸውን ያያል።]

ሊቋ፦ «የኖራ ውሃው ወተት መሰለ» ብለሽ ጻፊ አልኩሽ እኮ!

ደጋሚ፦ አልመሰለማ!

ሊቋ፦ ማን ጠየቀሽ?

ደጋሚ፦ ሪፖርቱ። «ያያችሁትን ጻፉ» ይላል። ያየሁት ኩልል ያለ ውሃ ነው።

ሊቋ፦ መጽሐፉ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኖራ ውሃን ያደፈርሳል» ብሏል። ከመጽሐፉ ልትበልጪ ነው?

ደጋሚ፦ መጽሐፉ እዚህ ቆሞ አይቷል እንዴ?

ሊቋ፦ ወይ ጉድ! ብልህ ሰው እኮ ውጤቱን ጽፎ ነው ሙከራውን የሚጀምረው። እኔ ትናንት ቤቴ ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ደጋሚ፦ ታዲያ ዛሬ አሲዱን ለምን አባከንነው?

ሊቋ፦ ለሥዕሉ! ቡሹ ላይ ያሳረፍኩትን ጥላ እይውማ።

ደጋሚ፦ ያምራል። ነቅለሽው ነው የሳልሽው?

ሊቋ፦ ከቅርብ ካልታየ መስመሩ አይወጣም። ደግሞ መልሼ ጣል አድርጌዋለሁ።

ደጋሚ፦ ጣል? ታዲያ ጋዙ ምን በወጣው በቱቦ የሚሽሎከሎከው? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በመስኮት የሚወጣ አለ?

ሊቋ፦ ፍልስፍናሽን ለከርሞ አቆዪው። ለከርሞም እዚሁ ነሽ።

ደጋሚ፦ [ድምጿ ዝቅ ብሎ] እሱን አታንሺብኝ። አባቴ ዘንድሮ ካላለፍሽ ትምህርት በቃሽ ብሎኛል። ይቺን ማርክ ካጣሁ ቤት መቅረቴ ነው።

ሊቋ፦ እንግዲያው ዋሺያ!

ደጋሚ፦ አምና አሲድ አልቆ በውሃ ሠራን። ክፍሉ በሙሉ «ወተት መሰለ» ብሎ አለፈ። እኔ «አልመሰለም» ብዬ ወደቅሁ። ያኛው ቲቸር «ዓይንሽን ታከሚ» አለኝ።

ሊቋ፦ ልክ ብሏል! አሁንም አልታከምሽም። [ከኖራ ውሃው ግማሹን ወደ ሌላ ብርጭቆ ትገለብጣለች] እኔ ካንቺ ጋር አልወድቅም። ይሄ የኔ፣ የቀረው ያንቺ። ስምሽን ለጥፊበት።

[ሊቋ ስሟን በራሷ ብርጭቆ ላይ ለጥፋ ትወጣለች። በሲኒ ወተት ይዛ ትመለሳለች።]

ደጋሚ፦ ምንድን ነው እሱ?

ሊቋ፦ ሳይንስ። [ወተቱን ብርጭቆዋ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርጋለች] መሰለ ወይስ አልመሰለም?

ደጋሚ፦ መምሰል ብቻ? ከየት አመጣሽው?

ሊቋ፦ ከመምህራን ክፍል። አሁን አትረብሺኝ፣ ርዕሱን በቀይ ላስምርበት።

ደጋሚ፦ እኔ ቡሹን ልጫነው?

ሊቋ፦ ከፈለግሽ ተቀመጪበት!

[ደጋሚ ቡሹን ጥብቅ አድርጋ ትገጥማለች። በቱቦው ጫፍ አረፋ መንደቅደቅ ይጀምራል።]

ደጋሚ፦ እ! ደፈረሰ! ነጣ እኮ!

ሊቋ፦ [ቀና ሳትል] አዎ፣ አዎ። አጥብቆ ለተመኘ ሁሉም ይነጣል።

[ቲቸር ይገባል።]

ቲቸር፦ ሁለቱም ነጥተዋል፤ ጎበዞች! ሊቋ፣ ያንቺ ላይ የተንሳፈፈው ምንድን ነው?

ሊቋ፦ ዝቃጭ ነው ቲቸር! ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል።

ቲቸር፦ ክንፍ አለው።

ደጋሚ፦ ዝንብ ነው ቲቸር።

ሊቋ፦ ዝንብ የት የማይገባው አለ!

ቲቸር፦ ታዲያ የደጋሚን ለምን ዘለለው? [ብርጭቆውን ያሸታል] ለካ ዛሬ ሻዬን ያለ ወተት የጠጣሁት ለሳይንስ ብዬ ነው!

ሊቋ፦ [በሹክሹክታ] ደጋሚ፣ በሞቴ፣ አብረን ነው የሠራነው በይ!

ደጋሚ፦ ስምሽን እኮ ለጥፈሽበታል፣ እህቴ።

ቲቸር፦ ደጋሚ፣ ሙሉ ማርክ! ለአባትሽም ንገሪ። ሊቋ ሙከራውን ከመጀመሪያው ትደግማለች።

ሊቋ፦ መድገም? እኔ? ደግሜ አላውቅም እኮ! እንዴት ነው የሚደገመው?

ደጋሚ፦ [ክንዷን ይዛ ወደ ጠረጴዛው እየመለሰቻት] አይዞሽ፣ እኔ አሳይሻለሁ። መጀመሪያ የጠርሙሱን አፍ ትዘጊያለሽ፤ ከዚያ ያንቺን።